አምስቱን ለማን ሰጠኸው?

ሰኞ

ራም ይጨመርበት ወይስ ይሸጥ? ጠዋት ስልኬን ስከፍት የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነበር። ሰውየው የላፕቶፑን ፎቶ፣ የተሰነጠቀ ጠርዙን ሳይቀር፣ እንደ ታመመ ልጅ አንስቶ ልኮልኛል። «መቅዲ፣ ያንቺን ቃል ነው የምጠብቀው» ይላል። ራም ጨምርበት፣ ሃርድ ዲስኩን በፈጣኑ ኤስኤስዲ ቀይረው፣ እንዳትሸጠው አልኩት። አመሰገነኝ። ደስ አለኝ። ምን ያስዋሸኛል፣ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

የሲቪል መሐንዲሶቹ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ሳላውቀው ሁለተኛ ቢሮ ከፍቻለሁ። የዛሬ ባለጉዳዮቼ፦

– አንዱ ክራክ የሆነ፣ ያልተከፈለበት ሶፍትዌር ጭኖ ኮምፒውተሩ በቫይረስ ታምሷል። ፋይልህን አውጣ፣ ሁሉንም አጥፋና እንደ አዲስ ጫን አልኩት። የእኔም ክራክ መሆኑን አልነገርኩትም።
– አንዷ ፕሮግራሙ የወለሉን ክብደት ሁለት ጊዜ እየቆጠረባት ግራ ገብቷታል። የቱ ጋ እንደምታጠፋው ነገርኳት። ልትስመኝ ምንም አልቀራት።
– አዲስ ተመራቂ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ልማር ይላል። መጀመሪያ አንድ ቢም በእጅህ ሥራ አልኩት። የተቀየመ መሰለኝ።
– ኑረዲን።

ኑረዲን ድሮ እኛ ቢሮ በእኔ ሥር ይሠራ ነበር። ልጅ እለዋለሁ እንጂ አግብቶ ወልዷል፣ የራሱን ትንሽ ቢሮም ከፍቷል። የመጀመሪያ ሥራው የአጎቱ ሕንፃ ነው፤ አምስት ኪሎ፣ ባለ አራት ፎቅ። መሠረቱ ወጥቶ ምድሩ ሊጀመር ሲል አጎቱ ሱቁ ሰፋ ይበልልኝ ብለው መሃል ላይ ያለ አንድ ኮለን፣ ምሰሶ መሆኑ ነው፣ አስወጡ። ስለዚህ የቀሩት ኮለኖች እንደገና መሰላት ነበረባቸው። የአርማታው ሙሌት ቅዳሜ ስለሆነ ልጁ ተጣድፏል።

ግሩፑ ላይ የጻፈው እንዲህ ነው፦ «ሰላም ለሁላችሁ። አርማታችን ሲ-25 ነው። ጥንካሬውን 20 ብዬ ሳስገባ መሃል ያሉት ሦስት ኮለኖች ብዙ ብረት ጠየቁኝ። 20 ልክ ነው ወይስ 25 ላድርገው?»

እኔ ፒያሳ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ማኪያቶዬን እየጠበቅኩ ነበር። በአንድ እጄ ጻፍኩለት፦ «ኑሬ፣ ስሙ ራሱ ሃያ አምስት እያለህ 20ን ከየት አመጣኸው? አምስቱን ለማን ሰጠኸው?»

አቤት ሳቅ! ማኪያቶው ሳይደርስልኝ ግሩፑ ተገለበጠ። አንዱ «አምስቱ ለደላላው ነው» አለ። ሌላው «ኑሬ፣ አምስቱን መልስ!» አለ። ኑረዲንም እንደ ሰዉ ሳቀና «እሺ መቅዲ፣ 25 አደርገዋለሁ፣ ኑሪልኝ» አለ። ጊዜ ካገኘሽ እዪልኝ ብሎም ፋይሉን በግል ላከልኝ። እሺ አልኩት። አልከፈትኩትም።

ማታ ለሳምሶን አነበብኩለት። ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቀልድ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ሳቀና «ግን ልጁ 20ን ከየት ነው ያመጣው?» አለኝ። «ከጭንቀቱ» አልኩት።

ማክሰኞ

ወይኔ መቅደስ! ወይኔ!

ጠዋት ቢሮ የራሳችንን ሥራ ከፍቼ የአርማታውን ጥንካሬ መሙላት ጀመርኩ። 25 ብዬ ጻፍኩና ቁጥሩን አየሁት። የእኛ አርማታ 25/30 ነው። የኑረዲን ግን ሲ-25 ነው። የድሮው ስም።

እዚህ ልጻፈው፣ ለራሴም ይግባኝ። ያው አንድ አርማታ ሁለት ቁጥር አለው። ናሙናው እንደ ጣሳ ክብ ሆኖ ሲጨመቅ ትንሹን ቁጥር ይሰጣል፤ እንደ ሳጥን ሆኖ ሲጨመቅ ትልቁን። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ትንሹን ነው። በአዲሱ የግንባታ ኮድ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፣ ትንሹ ከፊት። እኛ ቢሮ 25/30 እየሠራን ስለከረምን እጄ 25 መጻፍ ለምዷል። በድሮው ስም ሲ-25 ሲባል ግን 25ቱ የሳጥኑ ነው። ለፕሮግራሙ የሚሰጠው 20 ነው።

ልጁ ልክ ነበር! ሃያውን ከጭንቀቱ አላመጣውም፣ ከትምህርቱ ነው ያመጣው። እኔ ነኝ አስቄበት ያስቀየርኩት። በየትኛው ኮድ ነው የምትሠራው ብዬ አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ቀልዱ ቀደመኝ።

25 ሲባል ፕሮግራሙ አርማታውን ከሆነው በላይ ጠንካራ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ብረት ይቀንሳል። የሚቀንሰው ደግሞ አራት ፎቅ ከሚሸከሙት ከእነዚያ ሦስት ኮለኖች ላይ ነው። ሰው ይገበያይበታል፣ ሰው ይተኛበታል።

መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ ምን አደረግኩ? ግሩፑን ከፍቼ መልሴን ፈለግኩና ለሁሉም አጥፋ የሚለውን ነካሁት። ጠፋ። ሳቁ ብቻ ቀረ፤ በምን እንደተሳቀ የማያውቅ ሰው ቢያየው ግራ ይገባዋል።

ለራሴ የነገርኩት ይሄ ነው፦ ሙሌቱ ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ አለ። መጀመሪያ ፋይሉን ልይ፣ ምናልባት ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ለምን ልጁን አስደነግጠዋለሁ? ሲያዩት ጨዋ ሐሳብ ይመስላል። ፋይሉን ግን ቀኑን ሙሉ አልከፈትኩትም። ያስፈራኝ ኮለኑ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው «መቅዲ ተሳሳተች» እንዳይል ነው።

ረቡዕ

ስድስት ኪሎ ፕላን ላሳትም ሄድኩ። ኮፒ ቤቱ በተማሪ ተጨናንቋል፣ የመመረቂያ ሰሞን ነው። ተራዬን ስጠብቅ የኑረዲን መልእክት ገባ።

«መቅዲ፣ ያ መልስሽ ግሩፑ ላይ የለም። አንድ ጓደኛዬ አላምን ብሎኝ ላሳየው ብፈልግ አጣሁት።»

ያን ጊዜ ነበር ሰዓቱ። አንድ ጓደኛው እየተሟገተለት ነው፤ «ጓደኛህ ልክ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን «ስልኬ ሜሞሪ ሞልቶበት ራሱ እያጠፋ ነው መሰለኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ሜሞሪ ሞልቶበት! ሰው ስለ ሜሞሪ እኔን እየጠየቀ የሚውልብኝ ሴትዮ! ማንም ሕፃን የማያምነውን ውሸት ለመሐንዲስ ጻፍኩለት። እሱ ግን «አይ ስልክ!» ብሎ አለፈው። ቀጥሎ «ፌራዮው ብረቱን ቆርጦ አስሮ ጨርሷል። አጎቴ ብረት ስለቀነሰላቸው እየመረቁሽ ነው» አለ።

«አሜን» ብዬ መለስኩ።

አሜን አልኩ! እጄን በቆረጠው።

ሳምሶን ማታ ሳላወራ እንደተቀመጥኩ አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ። ነገርኩት። የአስተማሪ ፊቱን አመጣ። «ደውዪለት» አለ። ነገ ጠዋት ሄጄ በአካል ነው የምነግረው፣ በስልክ አይሆንም አልኩ። «በስልክም ይሆናል» አለ። ተናደድኩበት። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ቅዳሜ ገና ነው እያልኩ ተኛሁ።

ሐሙስ

ሞልተውታል።

ሚክሰሩ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ስለሚፈለግ ትናንት ከሰዓት አስቀደሙት። እኔ ስድስት ኪሎ «አሜን» ብዬ ብዙም ሳይቆይ እነሱ አምስት ኪሎ አርማታ ማፍሰስ ጀምረዋል። በእግር የሚኬድ መንገድ ነው።

ጠዋት ከፒያሳ ወደ ላይ ስወጣ የምናገረውን ሳጠና ነበር የሄድኩት። «ኑሬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሙሌቱን አቁመው።» ደጋግሜ አልኩት፣ ጥሩ ነበር። የአጥሩን ቆርቆሮ ከፍቼ ስገባ ኮለኖቹ ጣውላቸው ውስጥ ቆመዋል። ሠራተኞቹ ውሃ እያጠጧቸው ነው። ኑረዲን አልነበረም፤ ብረት ሊያመጣ መርካቶ ወርዷል። አጎቱ ነበሩ።

ጋሽ ሸምሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው ነው የተቀበሉኝ። «መቅደስ ማለት አንቺ ነሽ? ነይ ነይ ልጄ፣ ጫማሽ እንዳይበላሽ በዚህ በኩል።» ከራሳቸው ወንበር ተነሥተው ለእኔ ሰጡኝ። ሻይ አስመጡልኝ። እምቢ አልኩ፤ አይሆንም አሉ። ጠጣሁት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጡ። «ይሄ ልጅ በራሱ አይተማመንም ነበር። አንዴ ይሄ ነው ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ያኛው ይሻላል ይላል፣ እኔም ልቤ አላረፈም ነበር። በኋላ ‹መቅደስን ጠይቄያት ነገረችኝ› አለኝ። ያን ቀን ነው ረጋ ብዬ የተኛሁት።»

 ሦስቱ መሃለኛ ኮለኖች ከጀርባቸው ቆመዋል። እኔ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። «ጎበዝ ልጅ ነው» አልኩ። እሱ እውነት ነው፣ ብቸኛዋ እውነት እሷ ነበረች። ብርጭቆውን መልሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በር ድረስ ሸኙኝ።

እስከ ምኒልክ አደባባይ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቁጥር መሳሳት ያለ ነገር ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ማክሰኞ ጠዋት ዐውቄ እስከ ሐሙስ ዝም ማለት ግን መሳሳት አይባልም። ማክሰኞ ብደውል ብረቱ እንኳ አይቆረጥም ነበር።

ዓርብ

ፋይሉን በመጨረሻ ከፈትኩት። የላፕቶፔ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ጮኸ። (ራም ጨምሩ እያልኩ ሰው እመክራለሁ፣ የራሴን አልጨመርኩም።) ዳር ያሉት ኮለኖች በ20ም ይችላሉ። ሦስቱ ግን ቀይ ሆነው ወጡ። ተስፋ ቆርጬ ሌላ መንገድ ሞከርኩ፤ ጭነቱን እንደገና ደመርኩ፣ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ እንዲገኝ እየጸለይኩ። ቀይ ናቸው። ዛሬ ነገ አይወድቅም፤ ምድር ብቻ ነው ያለው። አራቱም ፎቅ ሲጫንበት ግን እነዚህ ሦስቱ አይታመኑም።

ደወልኩለት። ፒያሳ፣ ያው ቦታ፣ ያው ባንኮኒ። እየሳቀ መጣ፤ አቧራ በአቧራ ሆኖ። ሁለት ማኪያቶ አዘዘ።

ሳልቀመጥ ነገርኩት። ሲ-25 በድሮው ስም፣ ፕሮግራሙ 20 ነው የሚፈልገው፣ አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ሦስቱ ኮለኖች አይበቁም። አንድ ትንፋሽ ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሄደ።

«እኔኮ 20 ብዬ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እኔኮ 20 ብዬ ነበር፣ መቅዲ።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስኳሩን እያማሰለ ቆየ። ከዚያ የፈራሁት መጣ፦ «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ፋይልህን ዛሬ ጠዋት ስከፍተው...» አልኩ። እዚህም ደረጃ ላይ ሆኜ! እውነት እየተናዘዝኩ መሃሉ ላይ ውሸት ሰነቀርኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ረቡዕ ስጠይቅሽ መልእክቱ ጠፍቶ ነበር።»

 ኑረዲን ሞኝ አይደለም፤ ያንን የሜሞሪ ወሬም ያን ቀን አላመነውም ማለት ነው። እኔን ላለማሳፈር ነው «አይ ስልክ» ብሎ ያለፈው። እኔ በሰው ፊት ሳቅኩበት፣ እሱ በግል እንኳ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም።

«ማክሰኞ ጠዋት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የሁለታችንንም ማኪያቶ ከፈለ። የራሱን አልጠጣውም። «ቻው» ብሎ ወጣ። ቻው ሲለኝ የመጀመሪያው ነው፤ ሁልጊዜ «አላህ ይጠብቅሽ» ነበር የሚለኝ።

ቅዳሜ

ሁለቴ ደወልኩ፣ አያነሳም። ልክ ነው።

ዝም ብሎ ማልቀስ ኮለን አያጠናክርም። ስለዚህ ተቀምጬ ሠራሁ፦

– አፍርሶ እንደገና መሥራት ይቻላል። ጉዳቱ ግን መሠረቱ ላይ ያለው ብረት በመዶሻ ሲመታ ሊላላ ይችላል። አልወደድኩትም።
– አንድ ፎቅ መተው። ለጋሽ ሸምሱ ይሄን ማን ይነግራል? እኔ ነኛ።
– ሦስቱን ማልበስ፦ ዙሪያቸውን ፈልፍሎ ሸካራ ማድረግ፣ አዲስ ብረትና ብረቱን ዙሪያውን የሚይዘውን ስታፋ ማሰር፣ ዙሪያውን እንደገና አርማታ መሙላት። መሠረቱን በ20 አየሁት፣ ይችላል። ኮለኖቹ ይወፍራሉ፤ ሰፋ ይበል ያሉት ሱቅ ትንሽ ይጠባል።

ሦስተኛው ይሆናል። ሥዕሉን ሠራሁ፣ ስሌቱን በእጄም ደገምኩት። ለዚያ ተመራቂ ልጅ በእጅህ ሥራ ብዬው አልነበር? ምክር ሲሰጡት እንዴት ይቀላል! ሁሉንም ለኑረዲን ላክሁለት። ሥር ላይ «ሌላ ሰው ያረጋግጠው፣ እኔን ብቻ አትመን» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ስጽፍ አለቀስኩ። በእኔ ደረጃ ያለ ሰው ይህን ሲጽፍ ቀላል አይደለም። ይኸው፣ አሁንም ስለ ደረጃዬ ነው የማወራው። ኤዲያ!

ለግሩፑ የሚሆን ጽሑፍም ጀመርኩ። «ውድ ባልደረቦቼ፣ በቅርቡ በተሰጠ አንድ መልስ ላይ...» የተሰጠ! ማን ነው የሰጠው? አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና አጠፋሁት። ሳምሶን በትከሻዬ በኩል አይቶ «ቀልዱን ስትጽፊ ይሄን ያህል አላሰብሽም» አለ። ክፍሉን ለቅቄለት ወጣሁ።

ወደ ማምሻው ላይ ከኑረዲን አንድ መስመር መጣ፦ «ሥዕሉን ጓደኛዬ አይቶታል፣ ይሠራል ብሏል። ነገ ከሰዓት አጎቴ ሳይት አሉ። አንቺ ንገሪያቸው።»

እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስብከቱ ስለ ምን ነበር ብባል አላውቅም። ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከጎኔ ያለችው እኅት እጄን ይዛ ጸለየችልኝ፤ ደክሞኝ መስሏት።

ከሰዓት። ኑረዲን ቆርቆሮው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰላም አለኝ፣ እጅ ብቻ። ጋሽ ሸምሱ ያቺኑ ወንበር አመጡልኝ። ቆሜ ልናገር አልኳቸው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ኑረዲን መጀመሪያ የሠራልዎት ትክክል ነበር። ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፣ በስሕተት። መሃል ያሉት እነዚህ ሦስቱ እንዲህ ሆነው አራት ፎቅ አይሸከሙም።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ኑረዲንን አዩት፣ እኔን አዩ፣ ኮለኖቹን አዩ። «ይወድቃል?» አሉ።

«አይወድቅም። ዙሪያቸውን እናለብሳቸዋለን። ከዚያ በኋላ ይችላሉ። እስከዚያ ግን አንደኛ ፎቅ አይሞላም።»

«መቼ ነው ይሄን ያወቃችሁት?»

ኑረዲን ሊመልስ አፉን ከፈተ። የሚለውን ዐውቃለሁ፤ ሊሸፍንልኝ ነበር። ቀደምኩት። «እኔ ማክሰኞ ዐውቄያለሁ። አርማታው ሳይሞላ። አፍሬ ነው ያልደወልኩት። ሐሙስ ሻይ ሲጋብዙኝም ዐውቅ ነበር።»

ደማቸው ፈላ። «ሻዬን እየጠጣሽ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ። «እኔ ጨርቅ አሳስቼ ብቆርጥ ሜትሩን እከፍላለሁ! የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ! የተማረ ሰው ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩልሽ፣ ልጄን አሰድቤ ያንቺን ቃል አመንኩ!» ኑረዲን «አጎቴ፣ ይብቃ» አለ። «አይበቃም!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይበቃም። ቆሜ ሰማሁ። አላለቀስኩም፤ ባለቅስ እሳቸው ያባብሉኝ ነበር፣ እሱን ደግሞ አልፈለግኩም።

ሲረግቡ ኮለኖቹ ጋ ሄደው አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ብረቱና ሲሚንቶው?» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

«በእኔ።»

«በአንቺ» አሉ። አልተግደረደሩም። ቀለል አለኝ፣ እውነት ለመናገር። ቢምሩኝ ኖሮ ምን ይዤ ወደ ቤት እገባ ነበር?

ስወጣ ኑረዲን ተከትሎኝ አልወጣም። ሥራ አለው፤ ነገ መፈልፈል ይጀምራሉ።

ሰኞ

ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ለግሩፑ ላክሁት። ስሙን ጠርቼ ነው የጻፍኩት፣ ሳላሽሞነሙን።

«ባለፈው ሳምንት ኑረዲን ሲ-25 አርማታ ፕሮግራሙ ላይ 20 ነው ወይስ 25 ብሎ ጠይቆ ነበር። እሱ 20 ብሎ ነበር፣ ልክ ነበር። እኔ ሳላጣራ ቀለድኩበት፣ እናንተም ሳቃችሁ፣ እሱም ልኩን ትቶ የእኔን ወሰደ። ሲ-25 በድሮው ስም የሳጥኑ ጥንካሬ ነው፤ የሚገባው 20 ነው። መሳሳቴን ሳውቅ መልሴን ደብቄ አጠፋሁት፣ ለሦስት ቀንም ዝም አልኩ፣ በዚያ መሃል አርማታው ተሞላ። አምስቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኑረዲን፣ ይቅርታ።»

ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሳምሶን ሻይ ቀዳልኝ። ምክር አልጨመረበትም፣ ዛሬ ጎበዝ ነው።

ቢሮ ደርሼ ከፈትኩት። አንዱ «መቅዲም ትሳሳታለች እንዴ!» ብሏል። ያቺን ስፈራ ነበር ያን ሁሉ ያደረግኩት፤ አነበብኳት፣ አልሞትኩም። ሌላው «ለይቅርታሽ ክብር» ብሏል። ከዚያ ግሩፑ ጭር አለ። ሁልጊዜ የሚንጫጫ ግሩፕ ድምፁ ጠፋ። ተቀየሙኝ ብዬ አሰብኩ።

ለካ ዝምታው ሌላ ነው። በግል መጻፍ ጀመሩ።

«መቅዲ፣ ጥርጣሬ ነበረኝ፣ ያንቺን መልስ ሳይ ተውኩት። ገና አልሞላንም፣ ተመስገን።»

«እኅቴ፣ እኔ ከድሮም 25 ነው የማስገባው። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነን። ምን ላድርግ?»

«ለግሩፑ እንዳትናገሪብኝ። እኔም ያው ነኝ።»

አንዱ ያ ላፕቶፑን ፎቶ አንስቶ የላከልኝ ሰውዬ ነው። ራሙን ጨምሮ፣ ኤስኤስዲውን ቀይሮ፣ በፈጠነው ኮምፒውተር 25 ሲያስገባ ከርሟል።

እየቆጠርኩ አልነበረም፣ ግን አላቆሙም። እኔ አንድ ሰው ላይ ስቄ አንድ ሰው ያሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚጠራጠረው ሁሉ ያን ቀን ከኑረዲን ጋር አፉን ዘግቷል። ማን ደፍሮ ይጠይቅ? ሲጠየቅ የሚደረገውን አይተዋል።

ከሰዓት የመጣው መልእክት ላይ ቆምኩ። ስሙን አላውቀውም፣ የመገለጫ ፎቶ የለውም። «የእኔ ሕንፃ ያለቀ ነው። ሰው ገብቶበታል። ከታች ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ተከራይቶታል። ምን ላድርግ?»

መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ዛሬ ያጠፋሁት ከኀፍረት አይደለም፣ እውነት መልሱን ስለማላውቅ ነው። «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩለት። ቀጥዬ «ግን ፋይልህን አሁኑኑ ላክልኝ፣ አብሬህ አየዋለሁ፣ አትጥፋብኝ» አልኩት። ፋይሉ ወዲያው ገባ።

ስልኬ ጮኸ። ኑረዲን። ከዓርብ ወዲህ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነው። ከኋላው ሦስቱ ኮለኖች ሲፈለፈሉ ይሰማል፣ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«ለእኔም እየጻፉልኝ ነው» አለ። «ሕፃናት ያሉበትን አየሽው?»

«አሁን ፋይሉ ደረሰኝ። ኑሬ፣ ብቻዬን ልየው አልደፈርኩም።»

 መዶሻው ብቻ ይመታል።

«እንዳትጀምሪ» አለ። «መጣሁ።»

ከአምስት ኪሎ እስኪወርድ ትንሽ ይቆያል። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ሌላ ወንበር ጎኔ ስቤ፣ ምንም ሳልነካ እየጠበቅኩት ነው።